ተቃውሞ ዜሮ ሲሆን

እስር ቤት ሰውን ወንድማማች ያደርጋል ይባላል። አያደርግም። ይህን የሚሉት ወይ ያልታሰሩ ናቸው፣ ወይ ታስረው ወጥተው መጽሐፍ ለመጻፍ የተቀመጡ ናቸው። ጎንህ ከሌላው ጎን ተጣብቆ፣ የማታውቀው ሰው እስትንፋስ ማጅራትህ ላይ እያረፈ፣ እንደዚያ ብቻህን የምትሆንበት ሌላ ቦታ አላየሁም። መናኝ እንኳ ዋሻው ውስጥ እግሩን ይዘረጋል።

የያዙኝ ከአማን ወደ ሚዛን በባጃጅ ስሄድ ነው። ይዘንብ ነበር። እዚያ አገር ይዘንብ ነበር ማለት ቀን ነበር እንደማለት ነው። ጥፋቴ አንድ መጽሔት ላይ ስለ መንገድ ሥራ የጻፍኩት ቀልድ ነበር፤ ቀልዱ ደግሞ ጥሩ አልነበረም። በመጥፎ ቀልድ መታሰር ለጸሐፊ ድርብ ቅጣት ነው። የያዘኝ ፖሊስ ጨዋ ሰው ነበር፣ እስከ በሩ ድረስ ጃንጥላዬን ያዘልኝ። ከዚያ ጃንጥላውን ይዞ ቀረ።

ክፍሉን መጀመሪያ ያወቅሁት በአፍንጫዬ ነው። እርጥብ ብርድ ልብስ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የሽንት ባልዲ፣ ከአጥሩ ማዶ ካለው የቡና ማጠቢያ የሚመጣ የኮመጠጠ ሽታ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ጠባብና ረዥም ክፍል ታየኝ። በአንደኛው ጫፍ ከራስ በላይ ትንሽ መስኮት አለ፣ በሌላኛው ጫፍ ባልዲው። በሁለቱ መካከል ሰው በረድፍ ተደርድሯል። አዲስ የመጣ ባልዲው ዘንድ ይጀምራል፤ ከፊቱ ያለ ሰው ሲፈታ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ሲወሰድ አንድ ቦታ ወደ መስኮቱ ይጠጋል። መኝታው በጎን ብቻ ነው። ብቻውን መገላበጥ የሚችል ሰው አልነበረም። ካቦው "ዙር!" ሲል ሁላችንም አንድ ላይ እንዞራለን።

ካቦ የምንለው እስረኛው የተስማማበትን የክፍሉን አለቃ ነው። የእኛው ካቦ የጅማ ሰው፣ የቡና ነጋዴ፣ ሶላቱን የማያጓድል፣ ምግብ ሲያካፍል እጁ የማያዳላ ነበር። ፍርዱ ግን ፈጣን ነበር። ፈጣን ፍርድ የሚወደድባቸው ቦታዎች አሉ፣ እስር ቤት አንዱ ነው። ከቤት የሚመጣውን ጎደሬም ቆጮም ሁሉንም አንድ ድስት ውስጥ ያስገባል፣ ሁሉም ከዚያ ይበላል። ማንም የማይጠይቀው ሰው እንዳይራብ የተሠራ ሕግ ነው። ከዚያ ማዕድ መውጣት ግን ከመራብ የባሰ ነገር ነበር።

ልጽፍ የፈለግሁት ስለ አንድ ቀን ነው። ያኔ እኔ፣ ክፍሉ በሙሉ ጋሼ የሚለኝ፣ በጊዜ ብዛት መስኮቱ ሥር ደርሼ ነበር። ባልዲው ዘንድ የሚተኛው ከቀናት በፊት የገባ የፊዚክስ መምህር ነው። ቀጭን፣ መነጽሩ በፕላስተር የተጠገነ፣ ከማንም ጋር የማያወራ። ጠዋት ለምርመራ ጠሩት። ምሳ አለፈ፣ አልተመለሰም። ስለ እሱ የሚያወራ ሰው ድምፁን እየቀነሰ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር በሩ ተከፈተና ገባ። በሁለት እግሩ ነው የሚሄደው። ልብሱ ደረቅ ነው። መነጽሩ ከጠዋቱ የባሰ አልተሰበረም።

በባጃጅ ሹፌርነት የሚተዳደር፣ ምላሱ የማያርፍ ጎልማሳ አጠገቡ ነበር። ጠጋ ብሎ አሸተተው።

"ምን አጠጡህ?"

"ሻይ።"

"በኮረሪማ?"

"መሰለኝ።"

"እኔ ስጠራ የጠጣሁት የጎርፍ ውሃ ነው። ያውም በሆዴ ተኝቼ።"

ማንም አልሳቀም። ካቦው ከቦታው ሳይነሳ፣ "መምህር፣ ምን ስታወራቸው ዋልክ?" አለ።

"ስለ ኤሌክትሪክ።"

አሁን ሳቁ። መምህሩ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና የሆነውን ነገረን። የሆነው እንዲህ ነው። ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ሲያስተምር ተማሪው አንቀላፋበት፣ ወደ አማርኛ መለሰው። ኤሌክትሪክ በብረት ውስጥ ሲያልፍ የሚገጥመውን እንቅፋት "ተቃውሞ" ብሎ ጠራው። ሰው በየቦታው አደባባይ የሚወጣበት ሰሞን ነበር። አንድ አድማጭ የሰማውን ለሚመለከተው አካል አደረሰ። መርማሪው ዛሬ ጠዋት ያነበበለት ይህንን ነው፦ "ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ተቃውሞው ቀጥ ባለ መስመር ያድጋል። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።"

"'ብለሃል?' አለኝ። 'ብያለሁ' አልኩ" አለ መምህሩ። "'ማን ነው የማያውቀው?' አለ። 'ማንም' አልኩት። 'መንግሥትም?' አለኝ። 'መንግሥትም' አልኩ። ያኔ ሻይ አዘዘና 'ከመጀመሪያው ጀምረህ አስረዳኝ' አለ። አስረዳሁት።"

"እስካሁን?"

"ሰፊ ነገር ነው።"

ትምህርቱ ሁለተኛ ግማሽ ነበረው። ስለ እሱ ያስተማረው ነገር በደንብ ሲቀዘቅዝ ተቃውሞው በአንድ ጊዜ ዜሮ ይሆናል። ቀነሰ ማለት አይደለም፣ ጠፋ ነው። ይህን የሰማ መንግሥት መምህሩን ጠርቶ ሊሸልመው ይገባ ነበር። ጠቋሚው ግን ያንን ግማሽ አላደረሰም። ምናልባት ደወል ተደውሎ ወጥቷል። በዚህች አገር ስንት ሰው በግማሽ ዓረፍተ ነገር እንደታሰረ ሳስብ ነጥብ ሳይጨርሱ መውጣት ወንጀል ቢሆን እላለሁ።

ካቦው አልተዋጠለትም። "እንግዲያው እኛንም አስተምረን" አለ። "ቀኑን ሙሉ ለእነሱ ያወራኸውን እኛም እንስማው። እውነት ከሆነ ይቅርታ እንጠይቅሃለን። ውሸት ከሆነ ከማዕዳችን ትወጣለህ፣ ጎንህ የሚተኛ ሰውም አይኖርም።"

"ውሸት ከሆነ ምን ነኝ ማለት ነው?" አለ መምህሩ።

"ታውቀዋለህ።"

ቃሉን የተናገረው ሹፌሩ ነው። "ጆሮ ጠቢ።"

መምህሩ ተነስቶ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይቆማል፣ ጋብ ሲል ይቀጥላል። ሰሌዳ ስላልነበረው እኛን ተጠቀመብን።

"የምናገርለት ነገር ብረት እንኳ አይደለም" አለ። "እንደ ገል የሚሰበር ጥቁር ነገር ነው። ውስጡ መዳብ አለ። መጽሐፉ እንደሚለው ከሆነ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ አለበት። አያሳልፍም። ለምን? እኛን እዩን። እያንዳንዱ ሰው አንድ ቦታ አለው፣ ቦታው ሁሉ ተይዟል። ካቦ ወደ ጋሼ ቦታ መሄድ ቢፈልግ ጋሼ አለ። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ አይችሉም፣ ስለሚገፋፉ። ስለዚህ ሁሉም መንቀሳቀስ ይችላል፣ ማንም አይንቀሳቀስም።"

"ማን ነው ማንን የሚገፋው?" አለ ካቦው።

"ስለ ኤሌክትሮን ነው የማወራው።"

"ቀጥል።"

"አሁን ካቦ ቢፈታስ?"

"ኢንሻ አላህ" አለ ካቦው፣ ከልቡ።

"አንድ ቦታ ይለቀቃል። ጎረቤቱ ወደዚያ ይሄዳል፣ የእሱን ቦታ ደግሞ የሚቀጥለው ይወስዳል። ጥቂት ሰው ከመካከል ሲወጣ ያ ድንጋይ የነበረ ነገር ይላወሳል። ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ተቃውሞ ግን አለው። ሲሞቅ ተቃውሞው ይጨምራል፣ በተራ ብረት እንደምናውቀው ዓይነት አይደለም፣ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ብሎ። ስታቀዘቅዘው፣ ስታቀዘቅዘው፣ አንድ ቦታ ላይ ኤሌክትሮኖቹ ሁለት ሁለት ይሆናሉ። ተቃውሞ የሚባል ነገር ይጠፋል።"

"የሚገፋፉት ናቸው ሁለት ሁለት የሚሆኑት?" አለ ሹፌሩ።

"አዎ።"

"እንዴት ሆኖ?"

"ሳይነካኩ። አንዱ ባለበት ቦታ ሌላው በጭራሽ አይገኝም። ግን አብረው ይሄዳሉ።"

"ይሄማ እኔና ባለቤቴ ነን።"

ይህን ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ ካቦውም ጭምር። መምህሩም ፈገግ አለ፣ ከገባ መጀመሪያው መሆኑ ነው። የዳነ መሰለኝ። እሱም የመሰለው ይመስለኛል።

"ማን ነው ያጣመራቸው?" አለ ካቦው።

"አይታወቅም።"

"እሺ፣ በሙቀቱ ጊዜ ቀጥ ብሎ የሚያድገው በምን ምክንያት ነው?"

"እሱም አይታወቅም። የተስማሙበት መልስ የለም። ትልልቅ ሊቃውንት እስካሁን ይጨቃጨቁበታል።" መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። "እኔም የራሴ ግምት አለኝ። ዕቃውን ያየሁት ህንድ አገር ስማር አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከተመለስኩ ወዲህ ይህንን ግምቴን ሰምቶ 'ተሳስተሃል' የሚለኝ ሰው አላገኘሁም። ከአዲስ አበባ ወዲህ ማንም የለም።"

በእስር ቤት ብዙ ሰው ሲያለቅስ ሰምቻለሁ። እንደዚህ ዓረፍተ ነገር ብቸኛ የሆነ ነገር ግን አልሰማሁም። ሰውዬው የሚፈልገው የሚያደንቀው ሰው አልነበረም።

ካቦው ግን የሚፈልገውን አግኝቶ ነበር። "እዚህ ላይ ተያዝክ መምህር" አለ። "አስተማሪ መልሱን ያውቃል። አንተ እስከ መልሱ ድረስ አሳምረህ መጣህና መልሱ ጋ ስትደርስ 'አላውቅም' አልክ። ማንም ያልተረዳውን ነገር ለመርማሪ ቀኑን ሙሉ አስረዳሁ ትላለህ። እሱስ ምን ብሎ ነው የሰማህ?" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ጋሼ፣ አንተ መጽሐፍ ያየህ ሰው ነህ። ፍረድ።"

ፊዚክስ የሚባል ነገር አላውቅም። ውሸት ግን አውቃለሁ፣ የሥራዬ ጥሬ ዕቃ ነው። "እውነቱን ነው" አልኩ። "ውሸታም 'አላውቅም' አይልም። ውሸታም ታሪኩን ይጨርሳል። ለመርማሪው የእኛን ስም ሰጥቶ የመጣ ሰው ቢሆን ኖሮ የሚያምር መጨረሻ ይዞልን ይመጣ ነበር። ይሄ ሰው ሊሰቀልበት በሚችል ቦታ ላይ እንኳ የሌለ መልስ መፍጠር አልቻለም። የፈለጋችሁትን ያህል ፈልጉ፣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አታገኙም።"

ጥሩ የተናገርኩ መሰለኝ። የመለሰልኝ ሹፌሩ ነው።

"ጋሼ፣ ትናንት ሙዝ ዛፍ አይደለም ብለህ ስትከራከር አልዋልክም?"

"አይደለም። ሣር ነው።"

"ይኸው" አለ፣ ወደ ሰዉ ዞሮ።

ሳቃቸው ከቅድሙ የበለጠ ነበር። ካቦው ራሱ፣ "ጋሼ ሁሌም ሰው ያለውን ተቃራኒ ነው የሚለው። እኛ 'እውነት ነው' ብንል ኖሮ 'ውሸት ነው' ይል ነበር" አለ። በክፋት አልነበረም፣ በፍቅር ጭምር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ካለው በተቃራኒ ስቆም ኖሬ፣ አንድ ቀን እውነት ስናገር ቃሌ የቆየ ልማዴ መስሎ ተሰማ። ሣር ነው ማለቴ ግን ትክክል መስሎኝ ነበር።

ካቦው ፈረደ። መምህሩ ከማዕዱ ይውጣ፣ ጎኑ ማንም አይተኛ።

መምህሩ መነጽሩን አደረገ። "ካቦ" አለ፣ ቀስ ብሎ፣ "ከፈለጋችሁ ምቱኝ። ለብቻዬም ልብላ። ያንን ስም ግን ይዛችሁ አትውጡ። እዚህ የተባልኩት ከሚፈታው ሰው ጋር ይወጣል፣ ሚዛን ትንሽ ከተማ ናት። ሴት ልጅ አለችኝ።"

"ስሙን ያወጣነው እኛ አይደለንም" አለ ካቦው። "ሻዩ ነው ያወጣልህ።"

የማታው ምግብ መጣ። ሁሉም ድስቱን ከበበ። መምህሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ፣ የሚበላ ሰው አፉን ሲያንቀሳቅስ ከማየት ግድግዳ ይሻላል። እኔ ከድስቱ ድርሻዬን ወሰድኩ፣ ወደ ቦታዬ አልተመለስኩም። የምተኛበትን ብርድ ልብስ ከመስኮቱ ሥር ጠቅልዬ አነሳሁና ክፍሉን አቋርጬ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ወዴት ነው?" አለ ካቦው።

"ባልዲው ዘንድ።"

"የመስኮቱን ቦታ ትተህ?"

"ያፈሳል።"

አልከለከለኝም። ጎኑ ማንም አይተኛ ሲል አንድ እብድ ይኖራል ብሎ አላሰበም፣ ደግሞም የመስኮት ቦታ ሲለቀቅ ለሌላ ነገር የሚሆን ትዕግሥት ያለው ሰው የለም። ከመስኮቱ ቀጥሎ የነበረው ሰው ወዲያው ተንሸራቶ ገባበት። የእሱን ቦታ የሚቀጥለው ያዘ፣ የዚያኛውን ሌላው። እንዲህ እያለ ረድፉ በሙሉ አንድ አንድ ቦታ ወደ መስኮቱ ሄደ። መጨረሻ ላይ ከመምህሩ ጎን የነበረው ሹፌር ሲነሳ ክፍተቱ እኔ የቆምኩበት ድረስ መጣልኝ። ብርድ ልብሴን ዘርግቼ ገባሁበት።

መምህሩ ረድፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲከታተል ነበር። "አየህ?" አለኝ። "የተጓዘው ሰው አይመስልም። ባዶው ቦታ ነው የተጓዘው። እኛም የምናሰላው ባዶውን ነው።"

"ጎደሬ ይኸው፣ ብላ" አልኩት።

"ለምን መጣህ?"

"አልኩ እኮ፣ ያፈሳል።"

"ውሸት ነው።"

"አዎ።"

በላ። አመሰግናለሁ አላለኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ስለ ልጁ አልጠየቅሁትም፣ ስለ እኔ አልጠየቀኝም። ከምግብ በኋላ ጎን ለጎን ተኝተን ግድግዳ እያየን ነበር። የባልዲው ሽታ ሰው እንደሚያስበው ቶሎ አይለመድም።

"ያ ግምትህ" አልኩት በመጨረሻ፣ "ምንድን ነው?"

ነገረኝ። ከተናገረው ውስጥ የገባኝ ማያያዣ ቃላቱ ብቻ ናቸው። እስከ መጨረሻው ሰማሁትና "ተሳስተሃል" አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ሳለ ያለ ካቦው ትእዛዝ ሲዞር ያየሁት እሱን ብቻ ነው። "የቱ ላይ?" አለ። ድምፁ ሌላ ሰው ሆኗል።

"መጀመሪያው ላይ" አልኩ፣ የመጣልኝን። "ሁሉም እንደሚገፋፋ አስቀድመህ ወስነሃል።"

"አልወሰንኩም፣ ይለካል!" አለና ጀመረ። እኔ እቃወማለሁ፣ እሱ ያፈርሰኛል። የምቃወመውን አላውቅም ነበር፣ እሱም እንደማላውቅ ያውቃል። አላቆመም። ካቦው "ዙር!" ሲል ዞርንና ጀርባ ለጀርባ ሆነን ቀጠልን።

በማግስቱም ለብቻችን በላን። ፍርዱ አልተነሳም። ቀናት አለፉ፣ ጓደኛሞች አልሆንንም። የምንዋደድበት ነገር አልነበረንም፣ እሱ ግጥም ይጠላ ነበር፣ እኔ በቁጥር የሚተማመን ሰው አልወድም። አንድ ጠዋት ዕቃውን ይዞ እንዲወጣ ተጠራ። በሩ ላይ ቆሞ ወደ እኔ ዞረና "ሙዝ ሣር አይደለም፣ ግንዱ እንጨት ያልሆነ ተክል ነው" አለኝ። ከዚያ ወጣ። ያለው እውነት መሆኑን ያረጋገጥኩት ከተፈታሁ በኋላ ነው።

ዘመኑ ተለውጧል ተባለ። ካቦው ተፈቶ ወደ ቡናው ተመለሰ፣ መንገድ ላይ ሲያየኝ መኪናውን አቁሞ ሰላም ይለኛል። ስለ መምህሩ አንስተን አናውቅም። መምህሩም ተፈቶ ወደ ሥራው ተመልሶ ነበር፣ ሰነበተና ለቀቀ። ልጁ ትምህርት ቤት የሰማችውን ቃል ትርጉሙን እቤት መጥታ እንደጠየቀችው የነገረኝ ጎረቤቱ ነው። አሁን የት እንዳለ አላውቅም። አንዳንድ ጊዜ ሌሊት ስነቃ ጎኔ ሰፊ ሆኖ አገኘዋለሁ፣ እንደፈለግሁ እገላበጣለሁ፣ የሚቃወመኝ የለም። ይህ ነፃነት የሚባለው ነገር መሆን አለበት።

ባለፈው ሰሞን አማን አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ በዕድሜው ታስሮ የማያውቅ አንድ ሰው ለጓደኞቹ ስለዚያ መምህር ሲያወራ ሰማሁ። ጆሮ ጠቢ እንደነበረ፣ ስሙ ሲወጣ አገር ጥሎ እንደጠፋ፣ ስንት ሰው እንዳስበላ። ታሪኩ የሚያምር መጨረሻ ነበረው። ተነስቼ ውሸት ነው አልኩ። "ጋሼ ደግሞ፣ እንደ ልማድህ" አሉኝ።

የእኔ ቃል አይበቃም፣ ይህን ከገባኝ ቆይቷል። ስለዚህ እናንተን ነው የምጠይቀው። በሚዛን፣ በአማን ወይም በቴፒ ስለዚያ የፊዚክስ መምህር ይህንን ሲያወራ የሰማችሁት ሰው ካለ፣ ከማን እንደሰማው ጠይቁት። "አላውቅም" እስኪል ድረስ አትልቀቁት።